ይህ ነጠላ የማን ነው? ስለ አሮጌ የሀገር ልብስና ስለ ቆዳ ቦርሳ ሥራ

(ከዚህ በታች የቀረበው በእንጦጦ ግርጌ ለለጋሾችና ለየቲም ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር ሲሆን፣ ለኅትመት እንዲመች በመጠኑ ታርሟል። ተናጋሪዋ በቆዳና በጨርቅ ሥራ ለረጅም ጊዜ የቆዩ እህት ናቸው።)





ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በየቤታችን ሳጥን ውስጥ ታጥፎ የሚኖረው አሮጌ የሀገር ልብስ፣ ማለትም ነጠላው፣ ጋቢውና ቀሚሱ፣ ከቆዳ ጋር ተሰፍቶ እንዴት ቦርሳ እንደሚሆን፣ ይህም ሥራ ለየቲም እናቶች ምን ያህል መተዳደሪያ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለ አሠራሩ እናገራለሁ። ነገር ግን ከመቀሱና ከወስፌው በፊት ልናገረው የሚገባኝ አንድ የራሴ ስሕተት አለ፤ እርሱን ሳልናገር ብጀምር ንግግሬ ግማሽ ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ የማውቃቸው ሰው በፌስታል የታሰረ ልብስ ይዘው ወደምንሠራበት ክፍል መጡ። «የሟች እህቴ ልብስ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሚበሰብስ ለሥራችሁ ይሁን፤ ለእርሷም ሶደቃ ይሆንላታል» አሉኝ። ዱዓ አድርጌላት ተቀበልኋቸው። ፌስታሉን ስፈታ አንድ ቀሚስ፣ ሁለት ነጠላና አንድ መቀነት አገኘሁ። ከነጠላዎቹ የአንዱ ጥለት አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ በእጅ የተሸመነ፣ ዓመታት አልፈውበትም ቀለሙን ያልለቀቀ ነበር። የባለሙያ ዐይን አንዳንዴ ክፉ ነው፤ ጨርቁን ሲያይ ሰውን ይረሳል። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጥለቱን ከነጠላው ለይቼ ቆረጥሁት። በሳምንቱ ሁለት ቦርሳ ወጣው።

ቦርሳዎቹ ገና ሳይሸጡ አንዲት የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ከአያቷ ጋር መጣች። የሟቿ የመጀመሪያ ልጅ ናት። በሩ አጠገብ ቆማ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን ቦርሳዎች አንድ በአንድ ተመለከተችና ጣቷን ወደ አንዱ ቀስራ «ይህ የእማዬ ነጠላ ነው» አለች። አላለቀሰችም። እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። ቦርሳውን አንሥቼ «ያንቺ ነው፤ ውሰጂው» አልኋት። ተቀበለችኝ፤ አገላብጣ አየችው፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና መልሳ ሰጠችኝ። «ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል» አለችኝ።

የመጣችው ቦርሳ ፈልጋ አልነበረም። ነጠላውን፣ እናቷ ለብሳው የነበረውን ነጠላ ፈልጋ ነበር።

አጎትየው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለእህታቸው ምንዳ ሽተው ነው። እኔም ለክፋት አልቆረጥሁትም። ይሁንና ሁለታችንም አንድ ጥያቄ ዘለልን፤ ይህ ነጠላ የማን ነው? ሰው ሲሞት ቀብሩና ዕዳው ተሸፍኖ፣ ኑዛዜው ተፈጽሞ የሚተርፈው ሁሉ፣ ቤትም ይሁን ነጠላ፣ የወራሾች ነው። ከወራሾቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ የቲም ካለ ደግሞ የእርሱን ድርሻ አሳዳጊው ተነሥቶ ሶደቃ ሊያደርገው እንደማይችል ዑለማዎቻችን ያስተምሩናል። ነገሩ መሬት ወይም ገንዘብ ሲሆን ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አሮጌ ጨርቅ ሲሆን ግን ዋጋው ትንሽ ስለሚመስለን እንረሳዋለን። ለዚያች ልጅ ከእናቷ የቀራት ንብረት ምናልባት ያ ብቻ ነበር።

ከሁለቱም ቦርሳዎች ጥለቱን ፈታሁት። ማስቲሽ የነካውን ክፍል ቆርጬ ጣልሁ፤ የቀረውን ከነጠላው መሐል ጋር መልሼ ሰፋሁት። አጠረ፤ የወስፌው ቀዳዳም በግልጽ ይታይ ነበር። ልጅቷ ግን ምንም ሳትል ለበሰችውና ከአያቷ ጋር ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን አንድ ደብተር አለ። ጨርቅ ሲመጣ ከምንም ነገር በፊት ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ሞቶ ከሆነም ትንንሽ ልጆች ይተው አይተው ተጠይቆ ይጻፋል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ጨርቁን አጥበን፣ አጥፈን ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን። ልጁ ሲያድግ የራሱን ነገር ራሱ ይወስናል። በዚህ ደንብ ምክንያት ብዙ ያማረ ጥለት ከእጃችን ወጥቷል፤ ይውጣ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። የተሰበሰብነው በእንጦጦ ግርጌ ነውና ከቦታው እጀምራለሁ።

እንጦጦ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የአፄ ምኒልክ መናገሻ ነበር። የዚያ ዘመን አልባሳት ዛሬም ከላይ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ባለው ሙዚየም ይታያሉ። ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍም በዚያው ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የገባ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። የከተማዋ ምጣድ የጋመው በእናቶች ጀርባ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጭራሮና ቅጠል አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ዳገቱን የምትወርድ ሴት ለእንጦጦ እንደ ዛፉ የተለመደች ነበረች። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ እነዚህ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ባካሄደው ጥናትና ድጋፍ መነሻነት የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ ሸክሙን ጥለው ወደ ፈትልና ወደ ሽመና የገቡም ነበሩ። በኋላም «እንጦጦ ቤት አርቲዛን» በሚል ስም የሚታወቀው የእጅ ጥበብ ድርጅት ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ የአካባቢውን ሴቶች አሰባስቦ፣ ከቀለጠ የጥይት ቀለህ የአንገት ጌጥ፣ ከቆዳና ከሸማ ደግሞ ቦርሳና ሌላም ዕቃ አሠርቷል። ስለዚህ የተጣለን ነገር አንሥቶ መልሶ መሥራት በዚህ ተራራ ግርጌ አዲስ ነገር አይደለም።

ከእኛ ዝቅ ብሎ ሽሮ ሜዳ ነው። በዚያ የተቀመጡት ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ሴቷ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ወንዱ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ድሩን ይረግጣል፤ ጥለቱን ግን ክር በክር በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚያስገባው። ዛሬ በዚያው ገበያ ከውጭ የገባ፣ በማሽን የታተመ፣ ከሩቅ ሲታይ ጥለት የሚመስል ጨርቅ በብዛት ይሸጣል። ርካሽ ስለሆነ የሚገዛውን ሰው አልወቅስም። ነገር ግን የዛሬ 30 እና 40 ዓመት በእጅ የተሸመነው ነጠላ ከዚህ የተነሣ እየተወደደ ሄዷል፤ ከየሳጥኑ የሚወጣው ጨርቅ ዋጋ ያገኘውም በዚህ ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ተምራ ትልቅ ቦታ ትደርሳለች ስል እናንተ ወስፌ ታስይዟታላችሁ» ይሉናል። ሽመናና የቆዳ ሥራ በሀገራችን ሲናቁ ኖረዋል፤ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ እየተባለ ተሰድቧል። አፄ ምኒልክ ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ይህን ንቀት ከሌላው ይበልጥ ልናውቀው ይገባል። በ1668 (እ.ኤ.አ.) በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ርስት መያዝ የተከለከሉት አባቶቻችን ኑሯቸውን የመሠረቱት በንግድና በሽመና ነበር። ልጆቻቸውን ያሳደጉትም፣ ያስቀሩትም በዚያ ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ጫማቸውን በእጃቸው ይጠግኑ፣ ልብሳቸውንም ይሰፉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መናገራቸው ተዘግቧል። ልጅቷ ትማር፤ እናቷ ግን ዛሬ መብላት አለባት።

እንግዲህ ጨርቁ መጣ፤ ባለቤቱም በሕይወት ያለና በፈቃዱ የሰጠ ነው እንበል። የመጀመሪያው ሥራ መቁረጥ ሳይሆን ማየት ነው። ጨርቁን ወደ መስኮት አንሥታችሁ በብርሃን ተመልከቱት። ነጠላ ቀድሞ የሚያልቀው ለዓመታት በታጠፈበት መስመር ነው፤ በእጥፉ ላይ ብርሃን ሾልኮ ከታየ ያ ክፍል ለቦርሳ አይሆንም። ጥለቱ ግን ብዙ ማግ ተጠቅጥቆ የገባበት በመሆኑ መሐሉ ተበልቶ ካለቀ በኋላም ጠንክሮ ይገኛል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ላዩ ቢያልቅ ውስጡ ይተርፋል። ከሁሉም የሚመቸኝ የመንዝ ባና ነው፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ጨርቅ በመሆኑ ያለ ብዙ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጠላቱ ብል ነው፤ ብል የገባበት ባና ከመጣ ከሌላው ጨርቅ ጋር አታስቀምጡት፤ ሁሉንም ያስበላችኋል።

ፈጽሞ የማይቆረጥም አለ። በእጅ ጥልፍ የተሠራና ሙሉ ሆኖ የቆየ የጥንት ቀሚስ፣ የሐረር ሴቶች የሰርግ ልብስ፣ ወርቀ ዘቦ ያለበት ካባ፤ እነዚህ ቢቀደዱ እንኳ ይጠገናሉ እንጂ አይቆረጡም። በሐረር አቶ አብደላ ዓሊ ሸሪፍ ለዓመታት የሰበሰቧቸው አልባሳት፣ ጌጣ ጌጦችና የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ዛሬ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ በሙዚየም ተቀምጠዋል፤ የተረሳው የኪታብ ጥራዝ ሙያ እንዲያንሠራራም ደክመዋል። ያንን ያየ ሰው መቀስ ሲያነሣ እጁ ትንሽ ይከብደዋል፤ መክበዱ ደግሞ ጥሩ ነው። በእኔ አስተያየት ለቦርሳ የሚሆነው ቀድሞውኑ ያለቀ፣ ሊለበስ የማይችል፣ ግን ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ደህና ቦታ የቀረለት ጨርቅ ነው። ደህናውን ልብስ ለቦርሳ መቁረጥ ማባከን ነው፤ የሚለብሰው ሰው አይጠፋም።

ከዚያ ይታጠባል። ከመታጠቡ በፊት ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሶ በቀዩና በጥቁሩ ክር ላይ ጥቂት ደቂቃ መጫን ያስፈልጋል፤ ነጩ ጨርቅ ከቀላ ቀለሙ ይለቃል ማለት ነውና ያንን ጥለት ከነጭ ቆዳ ወይም ከነጭ ገበር ጋር አታገናኙት። ውኃው ቀዝቃዛ፣ ሳሙናው ለስላሳ ይሁን። በረኪና በዓመታት የተዳከመ ክርን ይፈጀዋል። ሳይጠመዘዝ፣ ጠፍጠፍ ብሎ በጥላ ይድረቅ።

አሁን ወደ ስፌቱ ስንደርስ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። አሮጌ ጨርቅ ሸክም አይችልም። ቦርሳን ሸክም የሚጎትተው በሦስት ቦታ ነው፤ በማንጠልጠያው መጋጠሚያ፣ በመሠረቱና በአራቱ ማዕዘን። እጅና ልብስ የሚያሹት ደግሞ አፉን ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁሉ ቆዳ መሆን አለባቸው። ማንጠልጠያው የሚሰፋው በጨርቁ ላይ ሳይሆን ከመሠረቱ ተነሥቶ በጎን እስከ አፉ በሚደርስ የቆዳ ጠፍር ላይ ነው፤ እንዲህ ሲሆን መጽሐፍም ይግባ ድንች ክብደቱ ከቆዳ ወደ ቆዳ ይሄዳል። ጥለቱ በቆዳው ማዕቀፍ መካከል እንደ መስኮት ተቀምጦ ይታያል እንጂ ምንም አይሸከምም። ከኋላው ጠንካራ አቡጀዲ ይደረብለታል፤ ከዚያ ገበሩ ይመጣል። ሴቶቻችን ወገብ ላይ መቀነት ጠምጥመው ሸክሙን ለመቀነቱ እንደሚሰጡት ማለት ነው።

የምንሰፋው በሰም በታሸ ክርና በሁለት መርፌ ነው። ክሩ አንድ ሲሆን በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይገባበታል፤ ወስፌ በበሳው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱ መርፌዎች ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። አንዱ ስፌት ቢበጠስ ጎረቤቱ ይይዛል። የልብስ ስፌት መኪና ፈጣን ነው፤ ግን ቆዳውን የሚበሳው አንድ ጊዜ ነውና የተሳሳተ ቀዳዳ አይደፈንም፤ ተማሪ እጅ ላይ ሲሆን በቀን ብዙ ቆዳ ያበላሻል። የእጅ ስፌት ሲሳሳት ቀስ ብሎ ነው የሚሳሳተው።

ማስቲሽንም አስወጥተናል። አንደኛው ምክንያት ከዚያች ልጅ የተማርሁት ነው፤ በክር ብቻ የተያዘ ጥለት ባለቤቱ ሲፈልግ ተፈትቶ መውጣት ይችላል፤ በማስቲሽ የተያዘ አይችልም። ሁለተኛውን ምክንያት የከተማችንን ጎዳና የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልጆች ማስቲሽ በላስቲክ ውስጥ አድርገው ይስቡታል። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በሚመጡበት ክፍል ቆርቆሮው ክፍት ሆኖ መዋል የለበትም። ሥራችን በዚህ ምክንያት ዘግይቷል፤ አንድ ቦርሳ አንዲት ሠልጣኝ ሁለት ሙሉ ቀን ይፈጅባታል።

ስለ ቆዳው ደግሞ እናንተን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለኝ። የእናቶቻችን ቤት ያለ ቆዳ አይታሰብም ነበር። ልጅ በአንቀልባ ይታዘላል፤ እህል በስልቻና በአቁማዳ ይቀመጣል፤ ምሳ በአገልግል ይወሰዳል፤ የሚተኛው በጀንዲ ላይ ነው። በአረፋ ዕለት የታረደው በግ ቆዳ ሳይውል ሳያድር ገዢ ያገኝ ነበር፤ «ቆዳ! ቆዳ ያለው!» እያሉ በየበሩ የሚያልፉትን ልጆች ታስታውሳላችሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋጋው ወድቆ፣ በብዙ ሰፈር የዒድ ቆዳ ከቆሻሻ ጋር ሲጣል አይተናል። በአንድ ወቅት የማይሙና (ረ.ዐ.) ነጻ የወጣች አገልጋይ በግ ሞቶባት ተጥሎ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልፈው፣ ቆዳውን አልፍታችሁ ብትጠቀሙበት ምን ነበር ማለታቸው ተዘግቧል። ለሞተው እንስሳ ቆዳ እንኳ እንዲህ ከተባለ በአላህ ስም ለታረደው ኡድሒያ ምን ልንል ነው? የኡድሒያ ቆዳ ለአራጁ የሥራ ዋጋ ተደርጎ እንደማይሰጥም ታውቃላችሁ፤ ቆዳው ሶደቃ ሊሆን ግን ይችላል።

የእኛ የደጋ በግ ቆዳ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ፣ ለስላሳም ስለሆነ በዓለም ገበያ ለጓንት የሚፈለግ ነው። ለቦርሳ ገጽታና ለኪስ ያምራል፤ ለመሠረትና ለማንጠልጠያ ግን የከብት ቆዳ ያስፈልጋል። ጉዳቱ የሚደርሰው ገና በአራጁ እጅ ነው። ቢላ ሲስት ቆዳው ውስጥ ለውስጥ ይቆረጣል፤ ከሩቅ አይታይም፣ ለፍቶ ሲወጠር ግን ይበሳል። ስለዚህ ሆዱ ከተሰነጠቀ በኋላ ቢላው ይቀመጥና ቆዳው በእጅ ጡጫ ይገፈፍ። እከክ የያዘው በግ ቆዳም ነጠብጣቡ አይጠፋም። ተገፎ ደሙ ከታጠበ በኋላ ጥላ ላይ ጠፍጠፍ ተደርጎ በሥጋው በኩል ጨው ይነስነስበት፤ ለአንድ በግ ቆዳ አንድ ኪሎ ያህል አይብዛባችሁ። ይህ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መደረግ አለበት። ከሰዓት በኋላ እንግዳ ሲሸኝ ይደርሳል የተባለ ቆዳ ማታ ፀጉሩ መርገፍ ይጀምራል።

በገጠር እምቧይና ሌሎች ዕፅዋት እየተጠቀሙ ቆዳ የሚያለፉ አሉ፤ በከተማ ቤት ግን ይህን አትሞክሩት፤ ሽታውም ፍሳሹም ጎረቤት ያጣላል። ወደ ቆዳ ፋብሪካ መሄድ አለበት። ፋብሪካ ደግሞ ለዐሥር ቆዳ ብሎ በርሜሉን አያዞርም። አንድ ሰፈር፣ አንድ መስጂድ አካባቢ ያለ ጀመዓ የአረፋውን ቆዳ በአንድ ቦታ ጨው አድርጎ ቢሰበስብ ነው ነገሩ የሚሆነው።

ወደ ገበያው ልለፍ። ቦርሳችንን መጀመሪያ የገዙት እናንተ ናችሁ፤ አላህ ይመንዳችሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ያኔ የገዛችሁት ቦርሳውን ወዳችሁት አልነበረም፤ አዝናችሁ ነው። የአንዳንዶቹ ዚፕ በወሩ ተበላሽቶ ለእኛ ላለመንገር ቤት ውስጥ እንዳስቀመጣችሁት በኋላ ሰምቻለሁ። በርኅራኄ የተገዛ ቦርሳ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሁለተኛ አይገዛም። እናት በየወሩ የምትበላው ደግሞ ሁለተኛው ሲገዛ ነው። አባይ ሹልዝ የተባለችው ኢትዮጵያዊት በልጅነቷ በሕፃናት ማሳደጊያ የኖረች፣ በ11 ዓመቷ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ የሄደች ናት። ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አዲስ አበባ በመመለስ «ዛፍ» የተባለ፣ ቆዳን ከእጅ ሸማ ጋር አጣምሮ ቦርሳ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመች። ቦርሳዎቹ በውጭ ሀገር ገዢ ያገኙት ሰው የሕይወት ታሪኳን ሰምቶ ስላዘነ ብቻ አይመስለኝም፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው። እኔም ለሠልጣኞቼ የማሳየው ስፌቱን ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ቦርሳ ስትገዙ አገላብጡ፤ ማንጠልጠያውን ሳቡ፤ ዚፑን ዐሥር ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ጠማማ ካገኛችሁ መልሱልን። የመለሳችሁት ቦርሳ ለሠሪዋ ትምህርት ነው፤ ዝም ያላችሁት ግን ገበያ ያሳጣታል።

በእኛም በኩል ግዴታ አለ። «የጥንት ጥለት» ብለን ዋጋ ስናስከፍል ጥለቱ በእርግጥ የጥንት መሆን አለበት። ከሽሮ ሜዳ አዲስ ተገዝቶ በሻይ የተነከረ ጨርቅ ጥንታዊ አይባልም፤ እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ አይቻለሁና ነው የምናገረው። በእያንዳንዱ ቦርሳ ውስጥ የትኛው ክፍል አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ፣ የታደሰና የተጠገነም ካለ በትንሽ ካርድ እንጽፋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ የሆነ እህል የሚሸጠውን ነጋዴ እንደገሠጹት የምታውቁት ነው፤ ጨርቅም ላይና ሥር አለው።

ክፍያን በተመለከተ፣ ሠሪዋ የምትከፈለው ቦርሳው ሲያልቅ እንጂ ሲሸጥ አይደለም። የቤት ኪራይ ገዢ እስኪመጣ አይጠብቅም። ይህን ለማድረግ መነሻ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የብዙ ማኅበራት ሥራ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እንዲሁም ለለጋሾች አንድ ነገር ላስገንዝብ። አንዲት እናት ሥልጠና ጀመረች ማለት ራሷን ቻለች ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከምታገኘው የምታበላሸው ይበልጣል። «እናትየው ሥራ ይዛለች» ብላችሁ ለልጁ የምትሰጡትን ወርኃዊ ድጋፍ ያቋረጣችሁ ካላችሁ፣ በአላህ ይሁንባችሁ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ታገሡ። ባለፈው አንዲት ሠልጣኝ በዚሁ ምክንያት ወስፌውን ጥላ ወደ ቅጠል ሸክሙ ተመልሳለች።

ጨርቅ ለማምጣት የምትፈልጉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሳይተኮስ ይሁን። ከጨርቁ ጋር የማን እንደነበረና የት እንደተሸመነ የምታውቁትን ያህል ጽፋችሁ አስገቡበት። የሟች ልብስ ከሆነ ከወራሾቹ ሁሉ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ትንንሽ ልጆች ካሉም አታምጡት።

(ከንግግሩ በኋላ አንዲት እናት ተነሥተው «ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ጋቢው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ልጆቼ ትንንሽ ናቸው። በአንድ በኩል ብል ጀምሮታል። ላምጣው ወይስ ይበስብስ?» ሲሉ ጠየቁ። ተናጋሪዋ የሚከተለውን መለሱ፤)

እህቴ፣ አላህ ይማረው፤ ላንቺም ሶብሩን ይስጥሽ። አታምጪው። ከሳጥኑ አውጪውና ፀሐይ ላይ አራግፊው፤ ከዚያ አጥበሽ አድርቂው። ብል የበላውን ቦታ እኔ ጋ ይዘሽ ነይ፤ ያለ ክፍያ እጠቅምልሻለሁ። ይህ የእንጦጦ ብርድ ነው፤ ማታ ማታ ልጆቹን አልብሺያቸው።